ከክረምት በፊት፦ በሃዛራጃት ተራሮች የበረዶ ወራትና የርዳታ መንገድ



ከአብያተ ክርስቲያናት በሚደርሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ «በመካከለኛው አፍጋኒስታን ተራሮች ለሚኖሩ ቤተሰቦች የክረምት እህል መግዣ የምትጠይቁን በግንቦት ነው። በግንቦት ግን እዚያ መስኩ ለምልሟል፣ መንገዱም ክፍት ነው ትላላችሁ። ችግሩ ሳይደርስ ለምን ትቸኩላላችሁ? በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰው መቸገሩ ሲታወቅ፣ ብንሰጥ ምን ይጎድላል?» የሚል ነው። ከፕሮጀክት ሠራተኞችም በኩል ተመሳሳይ ቅሬታ ይመጣል። ገንዘቡ በነሐሴ ወጪ ሆኖ በሒሳብ መዝገብ ይታያል፤ እህሉ ግን እስከ ታኅሣሥ ድረስ በመጋዘን ተቆልፎ ይቀመጣል። ይህን ለምእመናን ማስረዳት ለሠራተኛው ከባድ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰጠውን ገንዘብ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ምእመን የሚወቀስ አይደለም። መልሱ ግን ከበረዶው ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በዚህ እትም ስለ በረዶውና በረዶው ስለሚዘጋው መንገድ ሰፋ አድርገን ለመጻፍ መረጥን።

አስቀድሞ አንድ ቃል ማጥራት ያስፈልጋል። እኛ «ክረምት» ስንል የምናስበው ሐምሌና ነሐሴን፣ ጭቃውንና የሞላውን ወንዝ ነው። በሃዛራጃት ግን ክረምት የሚባለው እኛ በጋ በምንለው ጊዜ ነው። እኛ ጤፍና ስንዴ በምናጭድበት በኅዳር እዚያ የተራሮቹ በሮች መዘጋት ይጀምራሉ፤ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት በጥር ሰዉ ሁሉ ከቤቱ ታስሮ ይቀመጣል፤ መንገዱም በሰፊው የሚከፈተው በሚያዝያ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ከእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለትና ከክረምት በፊት እንዲደርስ አደራ ብሎታል። የእኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ የአባይን ሙላት ያስብ ይሆናል። ጳውሎስ ያሰበው ግን ብርዱንና የባሕሩን መዘጋት ነው፤ በዚያ ዘመን ከኅዳር እስከ መጋቢት መርከብ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ እምብዛም አይጓዝምና። ጢሞቴዎስ ቢዘገይ በርኖሱም ወዳጁም እስከ ጸደይ አይደርሱም ነበር።

«በረዶ» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው። በአገራችን በረዶ ማለት በነጎድጓድ መካከል እንደ ጠጠር ወርዶ ሰብል የሚመታው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም የሚቀልጠው ነው። አመዳይ የሚለውን ቃል ደግሞ ከነቢዩ ከኢሳይያስ መጽሐፍ እናውቀዋለን፤ በደጋ የሚኖር ገበሬም በማለዳ ሣሩ ላይ ያየዋል። እዚህ የምንናገርለት በረዶ ግን እንደ ባዘቶ ጥጥ ያለ ድምፅ የሚወርድ፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚከመር፣ ከወረደም በኋላ ለአራትና ለአምስት ወር ከመሬት የማይነሣ ነው።

ሃዛራጃት የሚባለው አገር በአፍጋኒስታን እምብርት ያለ ደጋ ነው። ባሚያንንና ዳይኩንዲን፣ ከጎር፣ ከጋዝኒና ከማይዳን ዋርዳክ አውራጃዎችም ከፊሉን ይይዛል። ብዙዎች አገሩን የሚያውቁት እ.ኤ.አ. በማርች 2001 በፈረሱት በባሚያን የቡድሃ ሐውልቶች ነው። ሕዝቡ ሃዛራ ይባላል፤ የፋርስ ቋንቋ ዘዬ ይናገራል፤ አብዛኛው የሺዓ እስልምና ተከታይ ነው። በ1890ዎቹ በአሚር አብዱራህማን ጦር ከተሸነፈ ወዲህ ብዙ ግፍና ንቀት ተፈራርቆበታል።

የባሚያን ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባም 2,400 ሜትር ገደማ ናት። ከፍታቸው እኩል ሊባል ጥቂት የቀረው ሆኖ ሳለ አንዷ በበረዶ ስትቀበር ሌላዋ በረዶ የማታውቅበት ምክንያት ምንድን ነው? አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስትርቅ ባሚያን ወደ 35 ዲግሪ ትርቃለች። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር በባሚያን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ትዞራለች፣ ቀኑ ያጥራል፣ መሬቱም ሙቀት አያገኝም፤ ሌሊቱ እስከ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ እርጥበቱ የሚመጣው በዚሁ በብርዱ ወራት ነው። ከሜዲትራኒያን ባሕር በኩል የሚነሡት ደመናዎች በክረምትና በጸደይ ወደ ምሥራቅ ተጉዘው ከኮሂ ባባ ተራሮች ጋር ይጋጫሉ። የእነዚህ ተራሮች ጫፍ ወደ 5,000 ሜትር ይደርሳል፤ ከራስ ዳሸን ይበልጣል ማለት ነው። በእኛ አገር ዝናብና ሙቀት አብረው ስለሚመጡ ክረምታችን የዘር ጊዜ ነው። እዚያ ግን ውሃውና ብርዱ አብረው ስለሚመጡ ውሃው በረዶ ሆኖ በተራራ ላይ ተቀምጦ ይቆያል።

እንግዲህ ወደ መንገዱ እንምጣ። በአማርኛ ተራራን ተሻግሮ የሚያሳልፈውን ቦታ «በር» እንለዋለን፤ ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ለዚህ ምሳሌ ነው። በአፍጋኒስታን ፋርስኛ ይህ «ኮታል» ይባላል። ከካቡል ወደ ባሚያን የሚያስገቡት ዋና ዋና በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሺባር ኮታል ነው፤ ሁለተኛው ወደ 3,700 ሜትር የሚጠጋው የሐጂጋክ ኮታል ነው። ወደ ባሚያን የሚወስዱት መንገዶች ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በአብዛኛው አስፋልት ለብሰዋል። ከባሚያን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ፣ ወደ ፓንጃብ፣ ወደ ዋራስ፣ ወደ ላልና ሳርጃንጋል ለመዝለቅ ግን ሌሎች ኮታሎች አሉ፤ ከእነርሱም ወደየመንደሩ የሚገቡት መንገዶች በወንዝ ዳር የሚሄዱ ጠባብ የአፈር መንገዶች ናቸው።

በረዶ መንገድን የሚዘጋው በአንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው መከመሩ ነው። ይህ ከሁሉ የቀለለው ነው፤ አካፋና ብዙ እጅ ካለ ይጠረጋል። የየመንደሩ ሰዎች «ሐሸር» በሚሉት ልማድ ተሰብስበው መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ሐሸር ማለት የእኛው ደቦ ነው። ሁለተኛው ነፋሱ ነው። ሰማይ ጠርቶ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ነፋሱ ከተራራው ላይ ያለውን በረዶ እያነሣ ማምሻውን የተጠረገውን መንገድ በሌሊት መልሶ ይሞላዋል። ሰዉ ሦስት ቀን የደከመበት መንገድ በአንድ ሌሊት እንዳልነበረ ይሆናል። ሦስተኛው መስታወት የመሰለው ግግር ነው። በቀን ፀሐይ የበረዶውን ፊት ታቀልጠዋለች፣ ሲመሽ ውሃው ይረጋል፣ በማግሥቱ መኪናው በራሱ ክብደት ወደ ገደል ይንሸራተታል። ሾፌሮች በጎማው ላይ ሰንሰለት ያስራሉ፤ ረዳቱ ደግሞ ከኋላ ጎማ ስር የሚያስገባውን ድንጋይ ወይም ግንድ ይዞ በእግሩ ይከተላል። ብርዱ እጅግ ሲበረታ ናፍጣውም ስለሚረጋ ሞተሩ አይነሣም። አንዳንድ ሾፌር ከነዳጅ ታንከሩ በታች እሳት አንድዶ ሲያሞቅ ይታያል፤ የሚመከር ባይሆንም ሌላ መላ የለውም።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው ናዳው ነው። እኛ ናዳ የምናውቀው በሐምሌ ዝናብ አፈርና ድንጋይ ሲንሸራተት ነው። የበረዶ ናዳ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በረዶ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው እየወረደ ስለሚደራረብ እንደ እንጀራ በእንጀራ ላይ ይሆናል። በንብርብሮቹ መካከል ያልተጣበቀ፣ እንደ ስኳር የላላ ንብርብር ሊኖር ይችላል። በዚህ ላይ አዲስ በረዶ በብዛት ሲወርድበት፣ ወይም ነፋስ ሌላ ሲከምርበት፣ ወይም የቀትር ፀሐይ ሲያለሰልሰው ከላይ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ይወርዳል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። ከዚያ ቀጥ ባለው ገደል ላይ በረዶው ብዙ ሳይከመር በትንሽ በትንሹ ይረግፋል፤ ከዚያ ጋደም ባለው ላይ ደግሞ ባለበት ይቀመጣል። ናዳው የወረደበት ሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ተቆፍሮ ከወጣ የመትረፍ ተስፋው ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይቀንሳል። በሩቅ ተራራ ላይ እርዳታ በ15 ደቂቃ የሚደርስበት መንገድ ስለሌለ ከጎኑ ካለው ባልንጀራው በቀር የሚያድነው የለም። ስለዚህ ልምድ ያለው መንገደኛ ገና ሳይነጋ ይነሣል፣ ፀሐይዋ ተዳፋቱን ከማሞቋ በፊት አደገኛውን ቦታ ያልፋል፣ በአንድ መስመርም ተራርቆ ይሄዳል። የመንደር ሽማግሌ «ዛሬ አትሂዱ» ካለ ሠራተኞቻችን እንዳይከራከሩት በጥብቅ እናሳስባለን። የሥራ ዕቅድ ሊዘገይ ይችላል፤ ከናዳ በታች የተቀበረን ሠራተኛ ግን ማንም አይመልሰውም።

የሰላንግ መንገድ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ሰላንግ ወደ ሃዛራጃት የሚያስገባ በር አይደለም፤ ካቡልን ከሰሜን ጋር የሚያገናኝና ከመካከለኛው እስያ የሚመጣው ስንዴና ዱቄት የሚያልፍበት ነው። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተው ዋሻ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል። በናዳ መውረጃዎቹም ላይ የሲሚንቶ ጣራ የተሠራላቸው ቦታዎች አሉ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎለት ሳለ በፌብሩዋሪ 2010 በተከታታይ የወረዱ ናዳዎች መኪኖችንና አውቶቡሶችን ቀብረው ከ160 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በፌብሩዋሪ 2015 ደግሞ በፓንጅሺር ሸለቆ ናዳ በመንደሮች ላይ ወርዶ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል። እነዚህ ከካቡል የአንድ ቀን ጉዞ የማይሞሉ ቦታዎች ናቸው። በላልና ሳርጃንጋል ጥግ ባለ መንደር የሚወርደውን ናዳ ጋዜጣ ላያወራው ይችላል።

በረዶው መንገዱን ሲዘጋ በቤት ውስጥ ያለው ሕይወት ምን ይመስላል? ቤቶቹ ከጭቃና ከድንጋይ የተሠሩ፣ ጣራቸው ደልዳላ ነው። በረዶ በወረደ ቁጥር የቤቱ ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ በአካፋ መጥረግ አለበት። ወርዶ የረጋ በረዶ በአንድ ሜትር ኩብ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። በ20 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ግማሽ ሜትር በረዶ ቢቀመጥ 25 ኩንታል ያህል ተጫነበት ማለት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ወይም አረጋውያን ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ «እህል አላችሁ ወይ?» ሳይሆን «ጣራችሁን ማን ይጠርግላችኋል?» ነው።

ለማገዶ ኩበትና ከተራራ የሚለቀም ቁጥቋጦ ይነዳል። ኩበቱ በበጋ ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል፤ እናቶቻችን የሚያውቁት ሥራ ነው። በከሰል ማንደጃ ላይ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አድርገው በላዩ ትልቅ ድሪቶ ይዘረጉና ቤተሰቡ በሙሉ እግሩን ከድሪቶው ስር አድርጎ በዙሪያው ይቀመጣል፤ ይህን «ሰንደሊ» ይሉታል። ለምግብ ስንዴና ገብስ፣ በጉድጓድ የተቀበረ ድንች፣ «ቁሩት» የሚባል እንደ ድንጋይ የደረቀ እርጎ ይቀመጣል። የበጎቹ መኖ በጣራ ላይ ይከመራል። የክረምቱን መጀመሪያ አርባ ቀን «ታላቁ ቺላ» ይሉታል፤ ብርዱ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ረሃቡ የሚበረታው ግን ኋላ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ብርዱ መላላት ሲጀምር ጎተራው ባዶ ይሆናል፣ የበጎቹ መኖ ያልቃል፣ መንገዱም ገና አልተከፈተም። ድሃው ከባለሱቅ በዱቤ የወሰደውን ዱቄት በመከር ጊዜ በውድ ይከፍላል፤ ወይም መኖ እንደማይበቃው ስለሚያውቅ በጎቹን በጥቅምት በርካሽ ይሸጣል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ይህ ለእኛ አገር አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የእናቶች ነገር ነው። በተራራማው በባዳኽሻን፣ ራግ በተባለው ወረዳ፣ ከ1999 እስከ 2002 የነበረውን ሁኔታ ያጠኑ ሐኪሞች ከ100,000 ሕያው ልደት 6,507 እናቶች እንደ ሞቱ አስልተዋል። በዓለም ላይ እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገበው ሁሉ የከፋ ነበር። ምጧ የጠናባት ሴት በአልጋ ተሸክመዋት ሐኪም ወዳለበት ለመውሰድ ብዙ ቀን በእግር ይጠይቃል፤ በጥር ደግሞ ጭራሽ አይቻልም። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሁለት ነው። አንደኛው ከመንደሩ ልጃገረዶች አዋላጅ ማሠልጠን ነው፤ አዋላጇ ከኮታሉ ወዲያ ሳይሆን ወዲህ እንድትኖር ማለት ነው። ሁለተኛው ነፍሰ ጡሯ ጊዜዋ ሳይደርስ፣ መንገዱም ሳይዘጋ ወደ ሆስፒታሉ አጠገብ መጥታ የምትቆይበት ቤት ማዘጋጀት ነው። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ይህን የመሰለ የእናቶች ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1976 ጀምሮ ለብዙዎች ምሳሌ ሆኗል። ሁለቱም መፍትሔዎች ከእህሉ ጋር አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ በበረዶው ጊዜ ሮጦ ከመድረስ ይልቅ አስቀድሞ እዚያው መገኘትን ይሻሉ።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስና ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በርዳታ ሥራ በተለመደው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም እህል ይታሰባል፤ በወር 12 ኪሎ ማለት ነው። ሰባት ነፍስ ላለው ቤተሰብ በወር 84 ኪሎ፣ ለአምስት ወር 420 ኪሎ ይሆናል። መቶ ቤተሰብ ላለበት መንደር 420 ኩንታል፣ ማለትም 42 ቶን ያስፈልጋል። ዘይቱንና ባቄላውን ገና አልቆጠርንም።

በነሐሴና በመስከረም ይህን ለማድረስ አሥር ቶን የሚጭኑ አምስት መኪኖች ይበቃሉ። ሾፌሮቹ በቀን ተጉዘው ሌሊት ያርፋሉ፤ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው አራግፈው ወደ መጋዘን ያስገባሉ። ኮታሉ ከተዘጋ በኋላ ግን ያው 42 ቶን በአህያ ይሂድ ቢባል፣ አንዷ አህያ 50 ኪሎ ብትይዝ፣ 840 ጭነት ይሆናል። ያውም አህያዋ ራሷ የምትበላው በመንገድ ላይ ከተገኘ ነው። በሄሊኮፕተር ይሂድ ቢባል፣ በእነዚያ ተራሮች የተለመደው ሚ-8 ሄሊኮፕተር በዝቅተኛ ቦታ አራት ቶን ያህል ቢችልም በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሚይዘው ይቀንሳል። ሁለት ቶን ቢይዝ 21 ምልልስ ያስፈልጋል፤ ደመና ከወረደ ደግሞ ጨርሶ አይነሣም። ለአንድ መንደር ነው ይህ ሁሉ። እኛም በአገራችን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 መኪና በማይገባባቸው የሰሜን ደጋዎች ላይ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እህል ሲጥሉ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቦታውን ያመቻቹ ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ተርፏልና እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በአየር የተጣለው ኩንታል በመኪና ከሚደርሰው ኩንታል ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

እንግዲህ በታኅሣሥ የሚሰጠው ብር ብዛቱ ከግንቦቱ ብር ጋር እኩል ቢሆንም ለመንደሩ የሚያደርሰው እህል እኩል አይደለም። አንዳንዶች «እህል ከመላክ ጥሬ ገንዘብ ብትሰጧቸውስ?» ይላሉ። ገበያው እህል ካለው ይህ መልካም ነው፤ የሰውንም ክብር ይጠብቃል። በተዘጋ ሸለቆ ውስጥ ግን ባለሱቁ ያለው ያከማቸው ብቻ ነው። ብዙ ገንዘብ ብናስገባ እህሉ አይጨምርም፣ ዋጋው ግን ይወጣል። ስለዚህ ገንዘቡ የሚሰጠው ወይ በመከር ሰሞን ነው፣ ወይ ነጋዴው አስቀድሞ እንዲያከማች ከተደረገ በኋላ ነው። አሮጌ ልብስ ስለ መላክም የሚጠይቁን አሉ፤ በዚያው አገር የሚሠራውን ድሪቶና ብርድ ልብስ ከቦታው መግዛት ከዚህ ጭኖ ከመላክ በዋጋም በፍጥነትም ይሻላል። ስለ ለጋስነታችሁ ግን እናመሰግናለን።

መንገዱን የሚዘጋው በረዶ ብቻ አለመሆኑንም መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ክረምት በፊት የታሊባን ጦር ወደ ሃዛራጃት የሚገባውን እህል በሁሉም በኩል አግዶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም የምግብ ፕሮግራም በአውሮፕላን ለማድረስ ሲሞክር በ1998 መጀመሪያ ላይ የባሚያን አየር ማረፊያ ተደበደበ። በረዶው የሚመጣበት ወር ይታወቃል፤ ሰው የሚዘጋው መንገድ ግን መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። በ2001 መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ የድርቁም ሦስተኛ ዓመት ሆኖ፣ ያው ፕሮግራም በረዶ የሚጠርጉ ቡድኖችን አሰማርቶ በዲሴምበር ወር ብቻ ከ100,000 ቶን በላይ ምግብ ወደ አፍጋኒስታን አስገባ። ሊቻል እንደሚችል ታይቷል፤ ነገር ግን የዓለም ሁሉ ዓይንና ገንዘብ በዚያ አገር ላይ በነበረበት ወቅት የተደረገ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ «ምነው በረዶው ባልወረደ!» እንዳትሉ እንለምናችኋለን። በካቡል ሰዎች ዘንድ «ካቡል ያለ ወርቅ ትኑር፣ ያለ በረዶ አትኑር» የሚል ተረት አለ። የሄልማንድ፣ የካቡልና የሃሪሩድ ወንዞች የሚነሡት ከእነዚሁ ተራሮች ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ የሚቀልጠው በረዶ በመስኖ ቦዩ ሁሉ ይወርዳል፤ ያ ካልሆነ ስንዴው አይበቅልም። በረዶ በደንብ ባልወረደባቸው በ1970ና በ1971 ክረምቶች ምክንያት በመጣው ረሃብ በጎርና በመካከለኛው ደጋ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አልቋል። የካቡል ሹማምንት ነገሩን ከዓለም ደብቀው ቆይተው ነበር። የወሎም ሕዝብ በረሃብ ያለቀው ወዲያው በሚቀጥሉት ዓመታት መሆኑን ታስታውሳላችሁ፤ በዚያም በዚህም ረሃቡ ተሸሽጎ ነበር። ንጉሥ ዛሂር ሻህ በጁላይ 1973፣ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በሴፕቴምበር 1974 ከዙፋናቸው ወረዱ።

ስለዚህ የተራራው ሰው በረዶ እንዲወርድለትም፣ እንዳይገድለውም ይጸልያል። እኛም ስለ እርሱ ስንጸልይ ሁለቱንም አብረን ብንጠይቅ መልካም ነው። ብርዱ ከልክ ሲያልፍ የሚሆነውን በ2008 መጀመሪያ ላይ አይተናል፤ በዚያ ክረምት በአፍጋኒስታን ከ900 በላይ ሰዎች በብርዱና በበረዶው ሞተዋል፣ ከብቱም በብዛት አልቋል። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ160 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ ክረምት ሌላም ፈተና ነበረበት። በዲሴምበር 2022 የአገሪቱ ገዢዎች አፍጋናውያን ሴቶች በርዳታ ድርጅቶች ውስጥ እንዳይሠሩ አገዱ። በዚያ አገር ባል የሞተባትን ሴት ቤቷ ገብቶ ጓዳዋን ለማየትና ችግሯን ለመስማት የምትችለው ሴት ሠራተኛ ናት። እርሷ ከቀረች መጋዘኑ ሞልቶ እንኳ የችግረኞቹ ዝርዝር ጎደሎ ይሆናል። ስለ እነዚህ እህቶች ጸልዩ።

በተራሮቹ ላይ ለብዙ ዓመት ያገለገሉ ክርስቲያኖችም አሉ። ኢንተርናሽናል አሲስታንስ ሚሽን የተባለው ድርጅት በአፍጋኒስታን ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን በይበልጥ የሚታወቀው በዓይን ሕክምና ነው። በኦገስት 2010 ከኑሪስታን መንደሮች አገልግሎት ሲመለሱ አሥር የዓይን ሕክምና ቡድኑ ሰዎች በባዳኽሻን ተገድለዋል። ቡድኑ መኪና የማያልፍበትን ከፍተኛ ኮታል በእግሩ ተሻግሮ ነበር የሄደው፤ እንዲህ ያለ ጉዞ የሚቻለውም በረዶው በሚሳሳባቸው በጥቂት የበጋ ሳምንታት ብቻ ነው።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ስለ ሒሳቡ አንድ ነገር እንጨምር። በነሐሴ «ወጪ» ተብሎ የሚመዘገበው የግዢና የማጓጓዣ ወጪ ነው። እህሉ ለባለቤቶቹ የሚደርስበት ቀን በሌላ መዝገብ፣ በመንደር ኮሚቴው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይያዛል፤ ያ መዝገብ ግን መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ወደ ጽሕፈት ቤት አይደርስም። ስለዚህ የክረምቱ ሙሉ ሪፖርት በግንቦት እንጂ በጥር አይጠበቅ። በየጉባኤው ይህን ስታስረዱ ሁለቱን ቀኖች ለይታችሁ ብትናገሩ ጥርጣሬው ይቀራል። የመጋዘኑ ቁልፍ አንዱ በኮሚቴው፣ ሌላው በሠራተኛው እጅ እንዲሆን የተደረገውም ለዚሁ ነው።

ስጦታውን በሚመለከት፣ ለሚመጣው ክረምት እህል የታሰበ መባ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቢደርሰን በነሐሴ ገዝተን በመስከረምና በጥቅምት እናጓጉዛለን። በእርሻ የሚተዳደሩ ጉባኤዎች በሐምሌ እጃቸው ባዶ መሆኑን እናውቃለን፤ እንዲህ ያሉት በጥርና በየካቲት ከመከራቸው የሚሰጡትን ለይተን እስከ ነሐሴ እናስቀምጣለን። ከጥቅምት በኋላ የሚደርሰው ደግሞ ሰጪው ሌላ ካላለ በሚያዝያ መንገዱ ሲከፈት ለሚገባው የድንች ዘርና መኖ ይውላል።